የመስከረም ጓሮ ለረመዳን ማዕድ

አልሐምዱሊላህ፣ ክረምቱ እየወጣ ነው። ጭቃው ጠጠር ብሏል፤ አደይ አበባ በየሜዳው ፈንድቷል፤ የግቢያችን አረም ደግሞ ጉልበት ላይ ደርሷል። ብዙዎቻችን ይህንን አረም አጭደን፣ ግቢውን ጠርገን፣ የልብስ ማስጫ ገመዳችንን መልሰን እንዘረጋና መሬቱን እስከሚቀጥለው ሰኔ እንረሳዋለን። የዚህ ወር አምዳችን የሚለው ግን መሬቷን አሁን አትርሷት ነው። አፈሩ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠጣው የከረመው ውሃ በሆዱ ያለው አሁን ነው። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ፀሐዩና ነፋሱ ይወስደዋል።

ሌላም ምክንያት አለን። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚገባው በየካቲትና በጥር አካባቢ ነው። በመስከረም መጨረሻ የተዘራ ካሮት በደጋ አገር ከመቶ እስከ መቶ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ብትቆጥሩት ጥር አጋማሽ ላይ ይነቀላል ማለት ነው። ስለዚህ የኢፍጣር ሾርባችን ውስጥ የሚገባው አትክልት ከገዛ ጓሯችን እንዲወጣ የምንፈልግ ከሆነ፣ ቆጠራው የሚጀምረው የረመዳን ጨረቃ ስትታይ ሳይሆን ዛሬ ነው።

እንግዲህ ምን እንትከል? ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ዘር ሻጩ ዘንድ ነው። እርሱ ያለውን ያሳየናል፤ እኛም ሥዕሉ ያማረውን ፓኬት አንስተን እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከማዕዳችን እንጀምረው።

ማዕዳችን ላይ የጎደለው

የአብዛኞቻችን ቤት ምግብ የታወቀ ነው። እንጀራ አለ፤ ሽሮ ወይም ምስር አለ፤ አላህ ሲያገራው ሥጋ ይመጣል። ኃይል ሰጪውና ገንቢው ምግብ እንደ አቅማችን ይገኛል። ሳህኑ ላይ የሚያንሰው አረንጓዴ ቅጠልና ብርቱካንማ ቀለም ያለው አትክልት ነው። ከዚህ የተነሳ የሚጎድሉን በዋናነት ቫይታሚን ኤ፣ ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ወተት ለተወደደበት ቤት ደግሞ ካልሲየም ናቸው።

ፎሌት ላይ ትንሽ እንቆይ። የጽንሱ አንጎልና ሰረሰር የሚሠሩበት ቧንቧ መሰል ክፍል የሚዘጋው ከተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ያ ቧንቧ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ በጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ሊወለድ ይችላል፤ ችግሩ በአገራችን በብዛት ከሚታዩት የአፈጣጠር ጉድለቶች አንዱ ነው። የፎሌት እጥረት ዋነኛ መንስኤ በመሆኑ ለማርገዝ የምታስብ እህት ከእርግዝናው አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በክኒን እንድትወስድ ይመከራል። የጓሮ ቅጠል ይህንን ክኒን አይተካም፤ ይህ በግልጽ ይነገር። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ቅጠል የሚበላ ከሆነ፣ ሙሽራዋም ሆነች ልጅ በልጅ ላይ የደረሰባት እናት ባዶ ጎተራ ይዛ አትጀምርም። ባሎችም ይህንን አንብቡት፤ መደቡን ለመቆፈር ጉልበት ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም

ጎመን የመስከረም ጓሮ ንጉሥ ነው ብንል አላጋነንም። ብርድ አይፈራም፣ እንዲያውም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ይጣፍጣል። ችግኙን ገዝታችሁ በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብትተክሉት፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ከታች ከታች እየቀነጠሳችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ። አናቱን ካልቆረጣችሁበት ማቆጥቆጡን አያቆምም። ሁለት ካሬ ሜትር መሬት አሥር ያህል እግር ይይዛል፤ ይህ ለአምስትና ለስድስት ሰው ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ወጥ ለመሥራት የሚያንስ አይደለም።

ቆስጣም በቀላሉ ይበቅላል፤ በ50 እና በ60 ቀን ለመቁረጥ ይደርሳል። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። በቀለም ይመሳሰሉ እንጂ በሆድ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ይለያያል። ቆስጣ፣ እንደ ዘመዱ እንደ ስፒናች ሁሉ፣ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ኦክሳሌት ካልሲየምን አንቆ ይይዘውና ሰውነታችን ሳይጠቀምበት እንዲወጣ ያደርገዋል። በስፒናች ውስጥ ካለው ካልሲየም ሰውነት የሚወስደው 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ሲሆን ከጎመን ወገን በሆኑት ቅጠሎች ግን እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ከወተት የሚገኘው እንኳ ከዚህ ያንሳል፤ 30 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ወተት ለማይገዛበት ቤት፣ ለሚያድጉ ልጆችና ለምታጠባ እናት ሲታሰብ ጎመን ሰፊውን ቦታ ይያዝ፤ ቆስጣ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃዋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት የቤተሰብ አባል ካለማ ቆስጣውንም ቀይ ሥሩንም ባታበዙ ይሻላል።

አበሳሰሉም እንዲሁ ይለያያል። በየቤታችን ጎመን ይቀቀልና ተጨምቆ ውሃው ይደፋል። በዚያ ውሃ ውስጥ የሄደው ፎሌቱና ቫይታሚን ሲው ነው። ጎመንን በጥቂት ውሃ ከድኖ ማብሰል፣ ውሃውንም እዚያው ከሽንኩርቱ ጋር ማስመጠጥ ይሻላል። ቆስጣን ግን በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት፤ ከኦክሳሌቱ ብዙው አብሮ ይወጣል። አንዱን ጠብቁ፣ አንዱን ድፉ።

ስለ ብረትም አንድ ነገር እንበል። "ቆስጣ ደም ይተካል" ሲባል እንሰማለን። በ100 ግራም የበሰለ ቆስጣ ውስጥ 2 ሚሊግራም ገደማ ብረት አለ፤ ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ግን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው። ከጎመኑ ጎን ጥሬ ቃሪያ መቁረጥ ወይም ሎሚ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል። የሚያሰናክለው ደግሞ ምግቡ ላይ የምንደርበው ሻይና ቡና ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በምርመራ የደም ማነስ የተገኘባት እህት ክኒኗን ትታ ወደ ቆስጣ አትሂድ፤ ሁለቱንም ትያዝ።

ካሮትና ሌሎቹ

ካሮት ለሕፃናት ዓይን የሚተከል ነው። አንድ መካከለኛ ካሮት ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቀኑን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይሸፍናል። ቫይታሚኑ ወደ ሰውነት የሚገባው ግን ከቅባት ጋር ነው፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይበቃዋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ ተቀቅሎና ተደቁሶ ይሰጣል። ጥሬውን በቁራጭ ለትንሽ ልጅ መስጠት ግን ሊያንቀው ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ይህ ጸሐፊ በመጀመሪያው ዓመት የዘራው ካሮት እንደ ሸረሪት እግር ተበታትኖ ወጥቶ የቤተሰቡ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነበር፤ በላዩም ያልበሰለ የከብት ፍግ ተደርጎበታል። ካሮት ሥሩን ቀጥ አድርጎ የሚሰድደው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በለሰለሰ፣ ድንጋይ በሌለውና ትኩስ ፍግ ባልነካው አፈር ውስጥ ነው። ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ አሸዋና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር አሽታችሁ በአንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩት። ለመብቀል እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያው እርጥበቱ እንዳይጠፋ በጆንያ ሸፍኑትና ጫፉ ብቅ ሲል አንሱለት። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሴቶች እናቶቻችን የማይወዱት ነው። የበቀለውን መንቀል። በካሮትና በካሮት መካከል አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ካልተሳሳ የሚገኘው ቅጠል ብቻ ነው።

ቀይ ሥር ከካሮት ይልቅ ታጋሽ ነው። ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ለጋ ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ይበላል። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት መጀመሪያ ፍንካቹን ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ በአምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብትተክሉት በመደቡ ዳር ዳር ብዙ ቦታ ሳይወስድ ያድጋል፤ የሚነቀለው ግን ከየካቲት በኋላ ስለሆነ ለረመዳን አትጠብቁት። ጥሬውን በልቶ ወደ መስጂድ መሄድ እንደማይወደድ ታውቃላችሁ፤ የበሰለው ግን ጠረኑ ይሞታል። ጥቅል ጎመን ቦታ ይበላል፣ ትሉም ብዙ ነው፤ ለትንሽ ጓሮ አንመክረውም።

ቲማቲምና ቃሪያ፣ ፎሶሊያም፣ በአዲስ አበባ፣ በደሴና በመሳሰሉት ደጋ ከተሞች አሁን ባትተክሏቸው ይሻላል። ዘር ሻጩ ይሸጥላችኋል፤ ችግኙም በጥቅምት ያምራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ አንዴ ከወረደ ግን ጠዋት ስትነሱ ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። በተለይ ረባዳ ቦታና ወንዝ ዳር ያሉ ግቢዎች ይጠቃሉ። አንድ ሁለት እግር ቃሪያ የግድ ካስፈለጋችሁ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር፣ በባልዲ ትከሉ።

ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ አንባቢያን ግን ይህ ምክር አይመለከታችሁም። እንደ ድሬዳዋ ባሉ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባሉ ቦታዎች፣ በአዳማና በሐረር አካባቢም፣ ውሃ ካለ ለቲማቲም፣ ለቀይ ሽንኩርትና ለቃሪያ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ወቅት መልካም ጊዜ ነው። በክረምቱ እርጥበት ቲማቲሙን የሚያበሰብሰው በሽታ አሁን ይቀንሳል። እናንተ ዘንድ የሚቸገረው ሰላጣው ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ግንድ አውጥቶ ይመርራል። እንደ ጅማ ዝናቡ ዘግይቶ በሚወጣበት አገር ያላችሁ ደግሞ ሥራውን ሁለት ሦስት ሳምንት ማዘግየት ትችላላችሁ።

አበባውስ?

አበባ በጤና አምድ ላይ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። መልሱ ክሽክሽ ነው። ከኅዳር ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ የጎመኑ ቅጠል ጀርባ አመድ በመሰለ ክሽክሽ ይሸፈናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ገበያ ሮጦ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ ፀረ ተባይ ይገዛና ይረጫል፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጎመን ቀንጥሶ ለልጆቹ ያበላል። እንግዲህ ከዚህ የሚያድነን አንዱ አበባ ነው። ክሽክሽ የሚበሉ ነፍሳት አሉ። ንብ የምትመስል፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ትንሽ ዝንብ አይታችሁ ይሆናል። እርሷ ራሷ የምትኖረው በአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ልጆቿ ግን ክሽክሹን ይለቅሙታል። የሚጠሯት ደቃቅ አበባ ያላቸው ተክሎች ናቸው፤ ድንብላልና እንስላል ሲያብቡ ከሁሉም ይበልጣሉ። ስለዚህ ከዘራችሁት ድንብላል ጥቂቱን ሳትቀነጥሱ እንዲያብብ ተዉት። ክሽክሹ ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እርጩት፤ ከመብላታችሁ በፊት በደንብ ይታጠብ።

ማሪጎልድ የምትባለው ብርቱካንማ አበባ ሥሯ የአትክልት ሥር የሚያሳብጡ በዓይን የማይታዩ ትሎችን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሦስት እግር ማሪጎልድ ጥግ ላይ መትከል መደብ ሙሉ አያድንም። የሚሠራው ቦታውን ለአንድ ወቅት በርሷ ብቻ ጥቅጥቅ አድርጎ ሲተክሉ ነው። ለውበቷ ከሆነ ግን ትተከል። ውርጭ ስለምትፈራ ከግድግዳው ጥግ አስጠጓት። ካሌንዱላ ብርዱን ከርሷ ይልቅ ይችላል፤ በመስከረም ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ግቢው ሲደርቅ ያብባል። በበረንዳ ላይ፣ በመስጂድ ግቢ የአጥር ጥግም ቢሆን ብዙ እንክብካቤ ሳይጠይቅ ይኖራል። አደይ አበባ ደግሞ አሁን አይዘራም፤ አብቦ ሲደርቅ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን ሰብስባችሁ በደረቅ ዕቃ አስቀምጡና ክረምቱ ሲገባ በትኑት።

ጤና አዳም የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ ከቡና ጋር ያለው ፍቅርም የታወቀ ነው። ሆኖም ማኅፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር እህት እንደ መድኃኒት አድርጋ ጨምቃ እንዳትጠጣው። ፀሐይ ላይ ሆናችሁ ስትከረክሙትም ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከቀረ ውሃ ይቋጥራልና ወዲያው ታጠቡ።

ከዚህ በላይ የምናሳስበው አስተናግርን ነው። አንዳንዶች አጤ ፋሪስ ይሉታል። ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አረም ሲሆን ከክረምቱ በኋላ በፍግ ክምርና በጎመን መደብ መካከል በራሱ ይበቅላል። ቅጠሉም ዘሩም መርዝ ነው። ለጋ እያለ ከጎመን ጋር ተቀንጥሶ ድስት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ልጆችም ፍሬውን ለጨዋታ ይፈለፍሉታል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል። ይህ ምልክት ከታየ ወተት በማጠጣት ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማታ የሚሸትተው ትልቁ የመለከት አበባም የዚሁ የመርዝ ዘመድ ነው። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት አዲስ ባትተክሉት፣ ያላችሁም ከልጆቹ እጅ ብታርቁት መልካም ነው። የጉሎ ፍሬም እንዲሁ።

ውሃውና አፈሩ

አሁን ብዙዎቻችሁ የምታነሱትን ጥያቄ እናንሳ። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ጓሮ በምን ይጠጣል? አንድ ካሬ ሜትር መደብ በደረቁ ወራት በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ይህንን ከጀሪካን ላይ ቀንሱ ብንላችሁ አትሰሙንም። ነገር ግን በየቀኑ በየቤታችን የሚፈስ ንጹሕ ሊባል የሚችል ውሃ አለ፤ የውዱእ ውሃ። ሳሙና የለበትም፣ ቅባት የለበትም። ቤት ውስጥ አምስት ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን ሦስት ጊዜ በአንድ ሊትር ተኩል ውዱእ ቢያደርግ 22 ሊትር ተኩል ይሆናል። ይህ ከአራት እስከ አምስት ካሬ ሜትር ያጠጣል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ መሆኑን ስናስብ፣ ለመደቡ ብለን ቧንቧውን መልቀቅ እንደማይገባን ግልጽ ነው። የሚፈሰውን ብቻ በሳፋ እንያዝ።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። ውሃው አፍና አፍንጫ ታጥቦበታልና በቅጠሉ ላይ አይፈስስ፤ ከሥሩ ይፍሰስ፤ ያውም ተበስሎ ለሚበላው ለጎመኑ፣ ለቆስጣውና ለአበባው ይሁን። ጥሬ ለሚበላው ለሰላጣና ለድንብላል ንጹሕ ውሃ አስቀሩ። ደግሞ በሳፋ ውስጥ አያድር፤ በዕለቱ ይጠጣ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ፣ በተለይ በረኪና ያለበት፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀል። ከዚያ መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ጉዝጓዝ ብትሸፍኑት ውሃው ቶሎ አይተንም።

አፈሩን በተመለከተ አንድ የምር ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳርና ዳር ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። ወንዞቹ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ሲሸከሙ የኖሩ በመሆናቸው፣ በአትክልቱ ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከባድ ብረታ ብረቶች ተገኝተዋል። ጀርሙን በማጠብና በማብሰል እንቀንሰዋለን፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባን ብረት ግን ውሃ አያጥበውም። በገዛ ጓሯችን የምንተክልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ታዲያ ያንኑ ችግር በእጃችን ግቢያችን እንዳናስገባው፣ መኪና ዘይት ሲቀየርበት በነበረ፣ የባትሪ ድንጋይ በተጣለበት ወይም ያረጀ የቀለም ፍርፋሪ በወደቀበት ጥግ ቅጠልና ሥራሥር አትትከሉ። እንዲህ ያለ መሬት ብቻ ካላችሁ አፈሩን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ በጆንያ፣ በባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ተጠቀሙ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከሥሩ ተበስቶ ሁለት እግር ጎመን ወይም አምስት ስድስት ሰላጣ ይችላል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም በዚሁ ተገልገሉ፤ በረንዳው በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘቱን ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

የከብትም ሆነ የዶሮ ትኩስ ፍግ ጥሬ የሚበላ አትክልት በሚበቅልበት መደብ ላይ አይጨመር። አፈሩ ላይ ከተጨመረበት ቀን እስከ ሰላጣው መቆረጥ ቢያንስ አራት ወር ማለፍ አለበት። ክምሩን ዛሬ ጀምራችሁ በደንብ እንዲበሰብስ ብትተዉት ለበልግ ይደርስላችኋል።

አንዳንድ ሕሙማን ደግሞ ጓሮው ሞላ ብለው በአንድ ጊዜ አመጋገባቸውን እንዳይለውጡ እናስታውሳለን። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል በድንገት ቢያበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ማቆም ሳይሆን መጠኑን በየሳምንቱ እኩል ማድረግ ነው የሚፈለገው። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ስለ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ድንች ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ያለባቸው አባቶችና እናቶች ጎመኑን እንደልባቸው ይብሉ፤ ጎመኑ ሳይሆን ከሥሩ ያለው እንጀራ ብዛት ነው የሚቆጠረው።

ሰላጣና ድንብላል አሁን አይዘሩም፤ ቢዘሩም ለረመዳን አይቆዩም። ከካሮቱ አጠገብ አንድ ካሬ ሜትር ባዶ አስቀሩላቸው። ረመዳን ከሚገባበት ቀን ወደ ኋላ ስልሳ ቀን ቆጥራችሁ ሰላጣውን ዝሩ። ለድንብላሉ አርባ ቀን ይበቃዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩት፤ በየአሥር ቀኑ አንድ መስመር ብታደርጉት የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ እስከ ዒድ ድረስ ሾርባው ላይ የሚነሰነስ አታጡም።